አሳልፎ መስጠት ወይም መዳኘት፤ ሽብርን በዓለም አቀፍ ሕግ ስለ መከላከል

መግቢያ

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ. ም. ጧት የግብፅ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪቃ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ጉባኤ አዲስ አበባ ደርሰው ከቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲጓዙ፣ የታጠቁ ሰዎች መንገዱን በመኪና ዘግተው ተኩስ ከፈቱባቸው። የፕሬዚዳንቱ መኪና ጥይት የማይበሳው ስለ ነበረ እሳቸው አልተጐዱም። መኪናቸው ወዲያው ዞሮ ወደ አይሮፕላን ማረፊያው መለሳቸው፤ በዚያው ቀንም ካይሮ ገቡ። በተኩሱ ግን የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አል-ጋማዓ አል-ኢስላሚያ የተባለው የግብፅ የታጠቀ ቡድን ድርጊቱ የእኔ ነው ሲል አስታወቀ።

ይህን ነገር በሕግ ዓይን ስንመለከተው የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አናገኘውም። ደም የፈሰሰው በኢትዮጵያ ምድር ነው፤ ሊገደሉ የታሰቡት የግብፅ መሪ ናቸው፤ ኃላፊነቱን የወሰደው ቡድን ግብፃዊ ነው፤ ከተጠርጣሪዎቹ ሦስቱ ደግሞ ሸሽተው ሱዳን ገብተዋል ተባለ። እንግዲህ ዳኛው ማን ነው? የተበደለው አገር በዳዩን ከጎረቤቱ ቤት ለማውጣት ምን መንገድ አለው? ጎረቤቱስ «እኔ ዘንድ የለም» ወይም «አልሰጥም» ቢል ምን ይደረጋል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዓለም አቀፍ ሕግ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጠውን መልስ ከመነሻው ጀምሮ በአጭሩ ማስረዳት፣ መልሱም የት ላይ እንደሚበረታና የት ላይ እንደሚደክም ማሳየት ነው። «ዓ. ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጠ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

1. ወሰንና ዳኝነት

የአንድ መንግሥት የማሰርና የመቅጣት ሥልጣን ከወሰኑ አያልፍም። ፖሊሱ ድንበር ተሻግሮ ሰው ሊይዝ አይችልም፤ ፍርድ ቤቱም ባልያዘው ሰው ላይ ቢፈርድ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ መንግሥታት ወንጀለኛን ለመለዋወጥ ሁለት ሁለት እየሆኑ ውል ይዋዋሉ ነበር። ከእነዚህም አንዱ በ1964 በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል የተደረገው ውል ነው፤ የዚህን ውል ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ነገር ግን እነዚህ ውሎች ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አንድ በር ክፍት ትተው ነበር። ይኸውም ወንጀሉ የፖለቲካ ከሆነ የሸሸው ሰው አይሰጥም የሚለው ደንብ ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልተደነገገም። በአገራችን የታወቁ አድባራትና ገዳማት ከንጉሥ ቍጣ ለሸሸ ሰው መማጸኛ እንደ ነበሩ ሁሉ፣ በአውሮፓም ነጻ መንግሥት ያላቸው አገሮች ለነጻነት ታግሎ የተሸነፈውን ሰው ለጨካኝ ገዥው መልሰው እንዳይሰጡ የተደረገ መከላከያ ነው። መማጸኛ ለተገፋ ሰው መልካም ነገር ነው፤ ነፍሰ ገዳይም በዚያው በር እንዳይገባ ማድረግ ግን አስቸጋሪ ሆነ።

ችግሩ ፈጥኖ ታየ። በ1854 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛን ለመግደል ከተሞከረ በኋላ ተጠርጣሪው በቤልጂግ ተገኘ፤ ወንጀሉም የፖለቲካ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ቤልጂግም በ1856 ባወጣችው ሕግ የውጭ አገር መሪን ወይም የቤተሰቡን አባል መግደል እንደ ፖለቲካ ወንጀል አይቈጠርም ስትል ደነገገች። ይህ ሐሳብ ወደ ብዙ ውሎች ገባ፤ ሁሉም መንግሥታት ግን አልተቀበሉትም።

2. ማርሴይና ጄኔቭ

ጥቅምት 9 ቀን 1934 የዩጎዝላቪያ ንጉሥ አሌክሳንደር ለጉብኝት ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ወደብ እንደ ደረሱ በጥይት ተገደሉ። ሊቀበሏቸው አብረው በመኪና የነበሩት የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሉዊ ባርቱም በዚያው ተኩስ ሞቱ። ገዳዩ እዚያው ተገደለ፤ የሤራው መሪዎች ናቸው የተባሉት የኡስታሻ ሰዎች ግን ኢጣሊያ ውስጥ ነበሩ። ፈረንሳይ እንዲሰጧት ጠየቀች፤ የቶሪኖ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ወንጀሉ የፖለቲካ ነው» ሲል ጥያቄውን አልተቀበለውም።

በዚህ ምክንያት የመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ጉዳዩን አንሥቶ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኅዳር 16 ቀን 1937ም በጄኔቭ ሁለት ውሎች ቀረቡ። አንደኛው ሽብርን ስለ መከላከልና ስለ መቅጣት፣ ሁለተኛው ለዚሁ ወንጀል ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ስለ ማቋቋም ነበር። የመጀመሪያውን 24 መንግሥታት ፈረሙ፤ ያጸደቀችው ግን ህንድ ብቻ ናት። ሁለተኛውን 13 መንግሥታት ሲፈርሙ ያጸደቀው አንድም አልተገኘም። የዓለም ጦርነት መጣ፤ ሁለቱም ውሎች ሳይሠሩ ቀሩ።

ውሎቹ ባይሠሩም ዛሬ የምንጠቀምባቸው ሐሳቦች አብዛኞቹ እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ሽብርን በዝርዝር ወንጀል ማድረግ፣ ፓስፖርት ማጭበርበርን መከላከል፣ ፖሊሶች መረጃ እንዲለዋወጡ ማድረግ፣ የሸሸውንም ወይ አሳልፎ መስጠት ወይ በአገር መዳኘት የሚሉት ሁሉ በ1937 ተጽፈው ነበር። ውሉን የጐዳው ትልቁ ነገር ሽብር ምን እንደ ሆነ የሰጠው ትርጓሜ ነው።

3. ሽብር ማለት ምን ማለት ነው?

የ1937ቱ ውል ሽብርን የተረጐመው በአንድ መንግሥት ላይ ያነጣጠረ፣ በሰዎችም አእምሮ ፍርሃት ለማሳደር የታሰበ የወንጀል ድርጊት ነው ብሎ ነው። በዚህ ትርጓሜ የተጠበቀው በመጀመሪያ መንግሥት ነው። መንግሥቱ ራሱ ግፈኛ ቢሆን፣ ወይም የሌላውን አገር በጉልበት የያዘ ቢሆን ምን ይባላል ለሚለው ጥያቄ ውሉ መልስ አልሰጠም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የዚህን ጉድለት ክብደት ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ውሉ በተፈረመበት በዚያው በ1937፣ ማለት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም.፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ይህ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ቀናት የፋሺስት ጦርና ጥቁር ሸሚዞች በከተማው ሕዝብ ላይ ያወረዱት እልቂት፣ የተቃጠለው ቤትና ያለቀው ብዙ ሺህ ሰው የታወቀ ነው። እንግዲህ በጄኔቭ ትርጓሜ ቃል በቃል ብንሄድ በሽብር ሊከሰሱ የሚችሉት ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ ሕዝቡን የፈጀው ወራሪ ግን «መንግሥት» ነኝ ብሎ በውሉ ይጠበቅ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የተጻፉት ውሎች ይህን ጉድለት ቀስ በቀስ አረሙ። በ1999 የሽብርን ገንዘብ ለመከላከል የጸደቀው ውል ሽብርን ሲተረጕም ዓይኑን ከመንግሥት ወደ ሰው መለሰ። ይኸውም ሕዝብን ለማስፈራራት ወይም አንድን መንግሥት ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ለማስገደድ ተብሎ ሰላማዊ ሰውን፣ በጦርነት ጊዜም በውጊያው የማይካፈለውን ሰው ለመግደል ወይም በብርቱ ለማቍሰል የታሰበ ድርጊት ነው ይላል። በዚህ ሚዛን የሚጠየቀው «ማንን ተቃወመ?» ተብሎ ሳይሆን «ማንን ሊገድል አሰበ?» ተብሎ ነው። የጦር ሠራዊት በሕዝብ ላይ የሚፈጽመው ግፍ ደግሞ በሌላው ሕግ፣ በጦርነት ሕግ የሚዳኝ ይሆናል።

የአፍሪቃ አንድነት ድርጅትም በ1999 በአልጀርስ ባጸደቀው ውል ሁለት ነገር አንድ ላይ አስቀመጠ። ሕዝቦች ከቅኝ ግዛትና ከባዕድ አገዛዝ ነጻ ለመውጣት በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት የሚያደርጉት ትግል ሽብር አይባልም አለ። ወዲያውም የፖለቲካ፣ የሃይማኖት፣ የዘር ወይም ሌላ ምክንያት ለሽብር ድርጊት መከላከያ ሊሆን አይችልም ሲል ጨመረ። ሁለቱን ማስማማት ቀላል አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሽብርን በጠቅላላው የሚመለከት አንድ ውል ለመጻፍ ከ2000 ጀምሮ ድርድር ሲደረግ ቆይቶ እስካሁን ያልተፈጸመው በአመዛኙ ከዚህ ክርክር የተነሣ ነው።

4. በየወንጀሉ የተጻፉ ውሎች

መንግሥታት በትርጓሜው መስማማት ቢያቅታቸው ሌላ ብልሃት አገኙ። «ሽብር ምንድን ነው?» የሚለውን ትተው፣ ማንም ሊክደው የማይችለውን አንድ አንድ ድርጊት እየለዩ ለየራሱ ውል ጻፉ። አይሮፕላን መጥለፍ፣ አይሮፕላን በፈንጂ ማፈንዳት፣ ዲፕሎማት መግደል፣ ሰው በመያዣነት ማገት፣ በሕዝብ መካከል ፈንጂ ማፈንዳት፣ ለዚህም ሥራ ገንዘብ ማዋጣት እያንዳንዱ ውል አለው።

በ1963 በቶኪዮ የተፈረመው ውል የአይሮፕላን አዛዥን ሥልጣንና የተጠለፈን አይሮፕላን ለባለቤቱ ስለ መመለስ ሲናገር ጠላፊውን ለመቅጣት ግን ማንንም አላስገደደም። በመስከረም 1970 የፍልስጥኤም አርነት ሕዝባዊ ግንባር ሦስት አይሮፕላኖች ጠልፎ ዮርዳኖስ በረሃ ላይ ካሳረፈ በኋላ መንገደኞቹን አውርዶ በፈንጂ አጋያቸው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1970፣ የሄግ ውል ተፈረመ። በ1971 የሞንትሪያል ውል፣ በ1973 ዲፕሎማቶችን ስለ መጠበቅ፣ በ1979 ስለ እገታ፣ በ1997 ስለ ፈንጂ፣ በ1999 ስለ ገንዘብ የተጻፉት ተከተሉ።

የእነዚህ ውሎች ሁሉ አከርካሪ አንድ ደንብ ነው። የደች የሕግ ሊቅ ሁጎ ግሮቲዩስ በ1625 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ያነሣው ይህ ደንብ ባጭሩ «ወይ ስጥ ወይ ዳኝ» የሚል ነው። በሄግ ውል በ7ኛው አንቀጽ እንደ ተጻፈው፣ ተጠርጣሪው በግዛቱ የተገኘበት መንግሥት ሰውየውን ለጠየቀው አገር ካልሰጠ፣ ወንጀሉ በግዛቱ ተፈጸመም አልተፈጸመ፣ ያለ አንዳች ልዩነት ጉዳዩን ለራሱ ዐቃቤ ሕግ ማቅረብ አለበት። ዐቃቤ ሕጉም እንደ ማንኛውም ከባድ ወንጀል አድርጎ ይመረምረዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ውሉ «ፍረድበት» አለማለቱ ነው። የሚያስገድደው መደበቂያ እንዳይኖር ነው እንጂ ፍርዱን አስቀድሞ አይወስንም።

ደንቡ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ በ2014 ታይቷል። በየካቲት 17 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን በረዳት አብራሪው ተጠልፎ ጄኔቭ አረፈ። የቆሰለ ሰው አልነበረም፤ ነገሩም ሽብር ነው አይባልም፤ ነገር ግን መጥለፍ መጥለፍ ስለ ሆነ ያው ሕግ ይመለከተዋል። ኢትዮጵያ ሰውየው እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ስዊስ አልሰጥም፣ እኔው እዳኘዋለሁ አለች። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት በእስራት ቀጣው፤ የስዊስ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2015 ድርጊቱን የፈጸመው በአእምሮ ሕመም ስለ ሆነ አይጠየቅም፣ በሕክምና ይጠበቅ ሲል ወሰነ። ሁለቱ ፍርዶች አይመሳሰሉም፤ ሆኖም ጉዳዩ ሳይመረመር አልቀረም፤ ሁለቱ መንግሥታትም በዚህ ምክንያት አልተጣሉም።

በአገራችንም ሕግ ይህ ደንብ አለ። የ1949 ዓ. ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕግ ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር ተላልፎ አይሰጥም ካለ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ግን ይዳኛል ይላል። አለመስጠት ነጻ ማውጣት አይደለም ማለት ነው።

5. የሸሸገው መንግሥት እንቢ ሲል

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ የሚሠራው ተጠርጣሪው የተገኘበት መንግሥት ቅን ሲሆን ነው። ቅን ባይሆንስ? ወይም ራሱ መንግሥቱ በነገሩ እጁ አለበት ተብሎ ቢጠረጠርስ?

በሰኔ 1987 ዓ. ም. ጉዳይ ኢትዮጵያ ሦስቱን ሰዎች ከሱዳን ጠየቀች፤ ሱዳንም ፈልጌ አጣኋቸው አለች። ኢትዮጵያ ነገሩን በመጀመሪያ ለአፍሪቃ አንድነት ድርጅት፣ ቀጥሎ ለጸጥታው ምክር ቤት አቀረበች። ምክር ቤቱም ጥር 31 ቀን 1996 ባወጣው ውሳኔ ቍጥር 1044፣ ያንኑ የ1964ቱን ውል መሠረት አድርጎ ሱዳን ሰዎቹን ለኢትዮጵያ እንድትሰጥ ጠየቀ። ባለመፈጸሙ በሚያዝያ በቍጥር 1054 የሱዳን ዲፕሎማቶች ቍጥርና ማዕርግ እንዲቀነስ፣ ባለሥልጣኖቿም በየአገሩ እንዳይገቡ እንዲከለከሉ አዘዘ፤ በነሐሴ በቍጥር 1070 የአይሮፕላን እገዳ ወሰነ፤ እገዳው ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። መስከረም 28 ቀን 2001፣ ኢትዮጵያና ግብፅ ራሳቸው ድጋፍ ስለ ሰጡ፣ ቅጣቱ ተነሣ።

ውጤቱን እንመርምር። በኢትዮጵያ የተያዙት ሦስት ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ተከሰው በ1996 ተፈረደባቸው። ከሱዳን የተጠየቁት ሦስቱ ግን በዚያ ውል መሠረት ኢትዮጵያ ፍርድ ቤት አልቆሙም። በዚህ በኩል ሕጉ አልተሳካለትም ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ግን ኢትዮጵያ በጎረቤቷ ላይ ጦር ሳታነሣ፣ የክሷን ቃል ከአንድ የሁለት አገሮች ውል አንሥታ እስከ ጸጥታው ምክር ቤት ማድረስዋና ማስፈረድዋ ታናሽ ነገር አይደለም።

በሊቢያም ላይ ተመሳሳይ መንገድ ተሞክሯል። ታኅሣሥ 21 ቀን 1988 አንድ የፓን አሜሪካን አይሮፕላን በስኮትላንድ በሎከርቢ ከተማ ላይ በፈንጂ ወድቆ በላዩ የነበሩት 259 ሰዎችና በምድር ላይ 11 ሰዎች ሞቱ። አሜሪካና እንግሊዝ ሁለት ሊቢያውያን እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ሊቢያ የሞንትሪያልን ውል ጠቅሳ፣ «ወይ ስጥ ወይ ዳኝ ይላል፤ እኔ እዳኛቸዋለሁ» ብላ ለሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አቤት አለች። የጸጥታው ምክር ቤት ግን በመጋቢት 1992 ቅጣት አዘዘ፤ ፍርድ ቤቱም በሚቀጥለው ወር የምክር ቤቱ ትእዛዝ ከውሉ ይበልጣልና ለጊዜው እግድ አልሰጥም አለ።

እዚህ ላይ የክርክሩ ፍሬ መታየት አለበት። ውሉ ምርጫውን ለሸሸገው መንግሥት ይሰጣል፤ ተከሳሹ የመንግሥቱ ሠራተኛ ነው ተብሎ ሲጠረጠር ግን መንግሥቱን ዳኛ ማድረግ ባለጉዳዩን በራሱ ነገር ማስፈረድ ነው። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ማስማማት ነበር። የስኮትላንድ ዳኞች በስኮትላንድ ሕግ፣ ነገር ግን በኔዘርላንድ ምድር ተቀምጠው እንዲፈርዱ ተስማሙ፤ የአፍሪቃ አንድነት ድርጅትና ኔልሰን ማንዴላም በማስማማቱ ደክመዋል። ሰዎቹ በ1999 ተሰጡ፤ በ2001 አንዱ ጥፋተኛ ተባለ፣ ሁለተኛው ነጻ ወጣ። በዓለም ሁሉ ፊት ከቀረቡት ሁለቱ አንዱ ነጻ መውጣቱ ፍርድ ቤቱ እውነተኛ ፍርድ ቤት እንደ ነበረ ምስክር ነው።

የጸጥታው ምክር ቤት ቅጣት የቀድሞውን የአውጫጭኝ ሥርዓት ያስታውሰናል። በአውጫጭኝ ጊዜ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ ሰው ሁሉ ከሥራው ተከልክሎ ይሰበሰብ ነበር። በደለኛውን ለማውጣት ይረዳል፤ ያልበደለውን ገበሬ ግን ከእርሻው ያስቀራል። ስለዚህ ቅጣቱ መጠን፣ ልክና ማብቂያ እንዲኖረው ያስፈልጋል።

6. የትብብር አደጋ

መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ከደረሰው ጥፋት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቍጥር 1373ን አወጣ። ይህ ውሳኔ ፈረመም አልፈረመም እያንዳንዱን መንግሥት ያስገድዳል። ለሽብር ገንዘብ መስጠትን ወንጀል ማድረግ፣ የአሸባሪን ሀብት ማገድ፣ መደበቂያ አለመስጠት፣ የተሠራውንም ለአንድ ኮሚቴ ማስታወቅ ግዴታ ሆነ። ነገር ግን ውሳኔው አሸባሪ ማን እንደ ሆነ አልተረጐመም፤ ትርጓሜው ለየመንግሥቱ ተተወ።

ከዚህ ሁለት ችግር መጣ። አንደኛው፣ በምክር ቤቱ የስም ዝርዝር የገባ ሰው ክሱን ሳይሰማና ሳይከራከር ሀብቱ መታገዱ ነው። በ2008 የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ይህ አሠራር የመሰማትን መብት ይጥሳል ሲል ፈረደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ አቤቱታ የሚመረምር ሹም እንዲኖር አደረገ። ሁለተኛው፣ ብዙ መንግሥታት ሰፊና ልል የሆነ ሕግ ማውጣታቸው ነው። የእኛም የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቍጥር 652/2001 ዓ. ም. ትርጓሜው ሰፊ በመሆኑና ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ስለ ተከሰሱበት ብዙ ከተነቀፈ በኋላ፣ በአዋጅ ቍጥር 1176/2012 ዓ. ም. ተተክቷል።

አንዳንድ ሰዎች የሰው መብትና የጸጥታ ትብብር የሚጣሉ ነገሮች ይመስሏቸዋል። ከላይ የተመለከትነው ታሪክ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። አንድ አገር የፖለቲካ ተቃዋሚውን «አሸባሪ» እያለ ከጠራ፣ እውነተኛውን ነፍሰ ገዳይ በጠየቀ ጊዜ የሌላ አገር ዳኛ አያምነውም። ተከሳሹ እንዳይሰቃይና ትክክለኛ ፍርድ እንዲያገኝ ዋስትና የማይሰጥ ፍርድ ቤት የሸሸውን ሰው ሊያስመልስ አይችልም። ስለዚህ የአገር ውስጥ ፍርድ ንጽሕና የዓለም አቀፍ ትብብር ዋና መሠረት ነው ማለት ነው።

ማጠቃለያ

«ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» ይላል ያገራችን ሰው። ለታናሽ አገር ዋናው ጥያቄ ዳኛው መገኘቱ ነው። በ1947 የሰላም ውል ኢጣሊያ በጦር ወንጀል የተከሰሱትን አሳልፋ ለመስጠት ግዴታ ገብታ ሳለ ኢትዮጵያ ግራዚያኒን ለፍርድ አላገኘችውም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1996 ደግሞ ምክር ቤቱ ፈርዶላት ሳለ ሦስቱን ተጠርጣሪዎች አላገኘችም። የሆነው ሆኖ በመጀመሪያው ጊዜ ነገሯን እስከ መጨረሻ ገፍቶ የሚያስፈጽምላት አካል አልነበረም፤ በሁለተኛው ጊዜ ቢያንስ ክሷን የሰማ፣ ውሉን የጠቀሰና ቅጣት ያዘዘ ሸንጎ ተገኝቷል። እድገቱ ትንሽ ነው፤ ግን እድገት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከጎረቤቶቻችን ጋራ ያሉንን ወንጀለኛን የመለዋወጥ ውሎች ማደስና መጨመር። ሁለተኛ፣ የሽብርን ትርጓሜ ሰላማዊውን ሰው በሚጠብቀው ሚዛን ማጥበብ፤ ነጻነትን የሚፈልገውንና ሕፃናትን የሚያፈነዳውን አንድ ላይ የማይከምር እንዲሆን። ሦስተኛ፣ የሸሸን ሰው ስንጠይቅ ያለ ጥርጥር የሚሰጡን ዓይነት ፍርድ ቤት በአገራችን ማቆም። የመጀመሪያው የዲፕሎማቶች፣ ሁለተኛው የሕግ አውጪዎች ሥራ ነው። ሦስተኛው ግን ዛሬ በሕግ ትምህርት ክፍል የተቀመጥነውን፣ ነገ በዳኝነትና በዐቃቤ ሕግነት የምንሾመውን ሁሉ የሚመለከት ነው።